ቴስቶስትሮኔ ዝቅ፣ ፕሮላክቲኔ ጣሪያ ነክቷል፦ የፒቱታሪ ቱመር ያለባችሁ ወንዶች ምን አደረጋችሁ?

ንጋት38

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ዕድሜዬ 38 ነው። ከተወሰኑ ዓመታት ወዲህ ጉልበቴ እየከዳኝ መጣ። ከሥራ ስመለስ ሌላ ነገር ለማድረግ አቅም የለኝም። የወሲብ ፍላጎቴም ቀስ እያለ ጠፋ። አመጣጡ በጣም አዝጋሚ ስለነበር "ከዚህ ቀን ጀምሮ" ብዬ መናገር አልችልም። ጺሜን በየቀኑ ነበር የምላጨው፤ አሁን በሳምንት አንዴ ይበቃኛል። ጡንቻዬ ሟሟ፣ ወገቤ ሰፋ።

መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም "ጭንቀት ነው፣ እረፍት ውሰድ" አለኝ። ሌላው ቴስቶስትሮን አስለካኝና ዝቅተኛ ሲሆን "መርፌ እንጀምርልህ" አለ። ሦስተኛዋ ግን "ለምን ዝቅ እንዳለ ሳናውቅ አንጀምርም" ብላ ፕሮላክቲን ጨመረችበት። ውጤቱ 1,640 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ሆኖ መጣ። ወረቀቱ ላይ የወንድ መደበኛ ከ20 በታች ነው ይላል። ከዚያ ኤምአርአይ ተነሣሁ። ፒቱታሪ እጢ ላይ 26 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱመር አለ ተባለ።

የተሰጠኝ ካበርጎሊን የሚባል ኪኒን ነው፤ በሳምንት ሁለቴ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ግራ ገብቶኛል። ፕሮላክቲን ወተት የሚያመጣ ሆርሞን ነው ሲባል ነው የማውቀው። ወንድ ላይ ምን ይሠራል? ይህን የሚያህል ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ሲያድግ እንዴት አላመመኝም? ደግሞስ ቱመር በኪኒን ይጠፋል እንዴ? ባለቤቴ "ቀዶ ጥገናው ይሻላል፣ ወጥቶ ይለቅልን" ትላለች። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ቀስተ_ደመና

ወንድሜ፣ እንኳን ታወቀልህ። የእኔ ካንተም ይበልጥ ነበር፤ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ። ካበርጎሊን ብቻ ነው የወሰድኩት። የመጨረሻው ኤምአርአይ ላይ ትንሽ ቅሪት ብቻ ነው የቀረው። ጺሜም ተመልሷል፣ ሌላውም ተመልሷል። ስለዚህ በኪኒን ይጠፋል ወይ ላልከው፣ የእኔ ምስክርነት ይኸው።

ኪኒኑን ማታ፣ በልተህ፣ ልትተኛ ስትል ውሰደው። ማቅለሽለሹና ማዞሩ እንቅልፍ ላይ እያለህ ያልፍልሃል። ጠዋት ደግሞ ከአልጋ ተስፈንጥረህ አትነሣ። መጀመሪያ ቁጭ በል፣ ከዚያ ቁም። ግፊት ያወርዳል።

የሆርሞን_ሐኪም

ወንድሜ ንጋት፣ ጥያቄዎችህ ሁሉም ተገቢ ናቸው። የኢንዶክሪን ሐኪም ነኝ። ኬዝህን የያዘችውን ሐኪም መተካት አልችልም፤ አሠራሩን ግን ላስረዳህ።

ፒቱታሪ ከአንጎል ሥር፣ ከአፍንጫ ጀርባ፣ አጥንት ውስጥ በተቦረቦረች ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል። ክብደቱ ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ከበላዩ ያለው ሃይፖታላመስ ለአብዛኞቹ የፒቱታሪ ሆርሞኖች "አምርት" የሚል ትእዛዝ ይልካል። ፕሮላክቲን ብቻ ለየት ይላል። እሱን ዶፓሚን እንደ ፍሬን ይዞት ነው የሚኖረው። ፍሬኑ ሲለቀቅ ፕሮላክቲን ይወጣል። ካበርጎሊን የዶፓሚንን ሥራ ይሠራል። ቱመሩን የሠሩት ሴሎችም ፍሬኑን የሚቀበሉበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ስላልጠፋባቸው፣ መድኃኒቱ ሲደርሳቸው ማምረት ያቆማሉ፤ ሴሎቹ ራሳቸውም ይኮማተራሉ። ፕሮላክቲኖማ፣ ማለትም ፕሮላክቲን የሚያመነጨው ቱመር፣ ከሌሎቹ የፒቱታሪ ቱመሮች ተለይቶ በኪኒን የሚታከመው ለዚህ ነው። ቀዶ ጥገና ለመድኃኒቱ እንቢ ላለ፣ መድኃኒቱን መቋቋም ላልቻለ ወይም ዓይኑ በመድኃኒት ላልተመለሰ ሰው ይቀመጣል። 26 ሚሊ ሜትር የሆነውን ደግሞ በቀዶ ጥገና ሙሉ በሙሉ ማውጣት ከባድ ነው። ብዙ ጊዜ ቅሪት ይተርፋል፣ ሕመምተኛው ተመልሶ ኪኒን ላይ ይወድቃል።

ወንድ ላይ ምን ይሠራል ላልከው፦ ወንድም ጥቂት ፕሮላክቲን አለው። ሲበዛ ግን ወደ ላይ ተመልሶ ሃይፖታላመስን ያፍናል። ከዚያ ፒቱታሪ ለዘር ፍሬዎች ትእዛዝ የሚልክባቸው ሆርሞኖች፣ ኤልኤች እና ኤፍኤስኤች፣ ይወርዳሉ። የዘር ፍሬዎችህ ጤነኞች ናቸው፤ ያጡት ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ቴስቶስትሮን ይወርዳል፣ ስፐርም ያንሳል፣ የወሲብ ፍላጎት ይጠፋል፣ ጺም ይሳሳል፣ ቆይቶም አጥንት ይሳሳል፣ ደም ያንሳል። አንዳንዱ ጡቱ ያብጣል። ወተት ግን ወንድ ላይ ብዙም አይታይም፤ እሱን እየጠበቀ "የእኔ ይህ አይደለም" የሚል ሰው ይዘናጋል።

ሕመሙን በተመለከተ፣ የአንጎል ሥጋ ራሱ ሕመም አይሰማውም። ራስ የሚያመው ቱመሩ ሽፋኑን ሲወጥር ነው። ወደ ላይ ቀስ ብሎ ከወጣ ምንም ላያምህ ይችላል። ከላይ የሚያገኘው የዓይን ነርቮች የሚሻገሩበትን ቦታ ነው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ የዓይን እይታ ሜዳ ምርመራ ተሠርቶልሃል? መነጽር የሚታዘዝበትን ማለቴ አይደለም።

ንጋት38

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። የዓይን ምርመራ አልተሠራልኝም። ደህና ነው የማየው፣ ትንንሽ ጽሑፍ እንኳ አነባለሁ። ያስፈልጋል?

ሚስቱ_ነኝ

ወንድሜ፣ ያስፈልጋል! ባለቤቴም "ደህና ነው የማየው" ይል ነበር። ሐኪሙ ፊደል ሲያስነብበው እስከ መጨረሻው መስመር ወረደ። እቤት ግን ትከሻው በሩን ሳይነካ አያልፍም። ልጃችን ከጎኑ ስትመጣ ይደነግጣል። መኪናው በሁለቱም ጎኑ ተፋፍቆ አልቋል። እኔ ሐሳብ የያዘው ነበር የሚመስለኝ።

ምርመራው እንዲህ ነው። አገጭህን ታስደግፋለህ፣ አንድ ዓይንህን ይሸፍኑልሃል፣ መሐል ላይ ያለችውን ነጥብ ብቻ ትኩር ብለህ ታያለህ። ከዚያ ዙሪያውን ትንንሽ ብርሃን ብልጭ ይላል፤ ባየህ ቁጥር ቁልፍ ትጫናለህ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነበር። የመሣሪያው ድምፅ ይሰማኛል፣ እሱ ግን ለረጅም ጊዜ ምንም አይጫንም። ወረቀቱ ታትሞ ሲወጣ የቀኝ ዓይኑ ቀኝ ግማሽ ጥቁር፣ የግራ ዓይኑ ግራ ግማሽ ጥቁር። መሐሉ ነጭ። ፊደሉን ያነበበው በዚያ መሐል ነው። ካበርጎሊን ጀምሮ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ሲለካ ጥቁሩ ወደ ዳር ሸሽቶ ነበር።

ሌላ ነገር ልጨምር፤ ሚስቶች ካላችሁ አንብቡልኝ። ይህ ነገር ሳይታወቅ በፊት ሌላ ሴት ያለችው መስሎኝ ብዙ አልቅሻለሁ። እሱም አፍሮ አይናገርም። ሐኪም ጋ ሲሄድም "ይደክመኛል" ብቻ ነበር የሚለው። ድካም ብቻ የሰማ ሐኪም ምን ያድርግ? እባካችሁ ወንዶች፣ ሙሉውን ተናገሩ። ፍላጎት እንደጠፋ፣ ጠዋት ጠዋት የነበረው እንደቀረ፣ ጺም እንደሳሳ። እሱን ስትናገሩ ነው ወደ ሆርሞን የሚኬደው።

ንጋት38

እህቴ፣ የጻፍሽውን ለባለቤቴ አነበብኩላት። ብዙ አወራን። የዓይን ቀጠሮም ይዣለሁ።

ብርቱ_ክንድ

እኔ የማልስማማበት ነገር አለ። ሰውየው ቴስቶስትሮኑ ወርዷል፣ እየተሠቃየ ነው። ኪኒኑ እስኪሠራ ለምን ይጠብቃል? መርፌውንም ኪኒኑንም ባንድ ላይ ቢወስድ ምን ይጎዳዋል? እኔ በመርፌ ሕይወቴ ተመልሷል።

የሆርሞን_ሐኪም

ብርቱ ክንድ፣ አንተን ስለጠቀመህ ደስ ይለኛል። ለንጋት ግን መጀመሪያ ይቆይ የምልበት ምክንያት አለኝ።

ፕሮላክቲን ከፍ ብሎ ቴስቶስትሮን ብቻ ቢሞላ ፍላጎቱ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል፤ ፕሮላክቲኑ በራሱም ይጫነዋልና። ከሚገባው ቴስቶስትሮን ከፊሉ ደግሞ ሰውነት ውስጥ ወደ ኢስትሮጅን ይለወጣል፤ ኢስትሮጅን ፕሮላክቲን የሚያመርቱ ሴሎችን ያነሣሣል። በዚህ ላይ ከውጭ የሚገባ ቴስቶስትሮን የስፐርም ምርትን ይዘጋል። ልጅ ለሚፈልግ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፕሮላክቲኑ ሲወርድ ደግሞ ብዙዎች ላይ ቴስቶስትሮኑ በራሱ ጊዜ ይነሣል፤ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ካልተነሣ ያኔ እንተካለን። ልጅ የሚፈልግ ከሆነ በቴስቶስትሮን ፈንታ ኤችሲጂ (የኤልኤችን ሥራ የሚሠራ ሆርሞን) እና ኤፍኤስኤች መርፌ ነው የሚታሰበው።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። ሐኪም ቤት በየጊዜው የሚመጡ ወንዶች አሉ፦ ቴስቶስትሮን ተለክቶ፣ ዝቅ ብሎ፣ መርፌ ተጀምሮላቸው፣ ፕሮላክቲን ሳይለካ ዓመት ያለፈ። ቱመሩ በዚያ ጊዜ ሁሉ ያድጋል። ቴስቶስትሮን ጠዋት፣ በባዶ ሆድ፣ ሁለት ጊዜ ተለክቶ ዝቅ ካለ ቀጥሎ መታየት ያለበት ኤልኤች ነው። ቴስቶስትሮኑ ወርዶ ኤልኤች ከፍ ካለ ችግሩ ዘር ፍሬው ጋ ነው። ቴስቶስትሮኑ ወርዶ ኤልኤችም ከወረደ ወይም "መደበኛ" ከመሰለ ችግሩ ከላይ ነው፤ ፒቱታሪ ጋ። ያኔ ፕሮላክቲን ሳይለካ መርፌ መጀመር የለበትም። ሴት የወር አበባዋ ሲቀር በወራት ውስጥ ትመረመራለች፣ ቱመሯም ብዙ ጊዜ ከ10 ሚሊ ሜትር በታች እያለ ይገኛል። ወንድ እንዲህ ያለ የቀን ቆጠራ የለውም። ለዚህ ነው ወንዶች ላይ የምናገኘው ባብዛኛው ትልቁን የሆነው። ቱመሩ ራሱም ወንድ ላይ የማደግ ጠባዩ ጠንከር ይላል።

የቱቦ_ሰው

ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ከዚህ ወገን የሚታየውን ልጨምር።

ፕሮላክቲን የሚለካው በሁለት ፀረ እንግዳ አካላት ነው። አንዱ ከታች ይይዘዋል፣ ሌላው ከላይ። ሁለቱም ሲይዙት ማሽኑ ይቆጥረዋል። ፕሮላክቲኑ እጅግ ከበዛ ግን ሁለቱም በየፊናቸው ይሞላሉ፤ ባንድ ሞለኪውል ላይ አይገናኙም። ማሽኑም ትንሽ ቁጥር ያወጣል። 90 ወይም 120 ያየንበት ናሙና መቶ እጥፍ ተቀጥኖ ሲደገም ሺዎች ውስጥ የገባበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ቱመሩ በጣም ትልቅ ሆኖ ፕሮላክቲኑ ትንሽ ከሆነባችሁ "ናሙናው ተቀጥኖ ይደገምልኝ" በሉ። በአዳዲስ ማሽኖች ይህ ቀንሷል፣ ግን አልጠፋም። ሐኪሙም ኤምአርአዩ ላይ ግዙፍ ነገር እንዳለ በማዘዣው ላይ ቢጽፍልን ይረዳናል፤ እኛ ምስሉን አናይም።

ታዛቢው_67

ልጆቼ፣ የላብራቶሪው ልጅ ያነሣው የእኔን ነገር አስታወሰኝ። የእኔ ቱመር 31 ሚሊ ሜትር፣ ፕሮላክቲኔ 58 ነበር። ተቀጥኖ ቢደገምም ያው 58። የእኔ ሆርሞን የማያመነጭ ዓይነት ነው ተባልኩ። ፕሮላክቲኑ የጨመረው ቱመሩ የፒቱታሪን ግንድ ተጭኖ ዶፓሚን እንዳይወርድ ስላገደው ነው አሉኝ። ኪኒን አይጠቅምህም ተብዬ በአፍንጫ በኩል ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ።

አሁን ዓይኔ ደህና ነው። ፒቱታሪዬ ግን ግማሽ ሥራውን አቁሟል። ጠዋትና ከሰዓት ኮርቲዞል የሚባለውን የጭንቀት ጊዜ ሆርሞን የሚተካልኝ ሃይድሮኮርቲዞን እወስዳለሁ፣ የታይሮይድ ኪኒንም አለኝ። ትኩሳት ሲይዘኝ ሃይድሮኮርቲዞኑን እጥፍ አደርጋለሁ። ካስመለሰኝና ኪኒኑ ካልቆየልኝ መርፌ ነው፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ኪሴ ውስጥ "ስቴሮይድ ጥገኛ ነኝ" የሚል ካርድ አለ። ባለቤቴም መርፌውን መስጠት ተምራለች።

የሆርሞን_ሐኪም

ጋሼ፣ በደንብ ገልጸውታል። ሆርሞን አያመነጭም የሚባለውም አብዛኛው የኤልኤች እና የኤፍኤስኤች ሴሎች ቱመር ነው። የሚሠራው ነገር ደም ውስጥ ገብቶ ምልክት ስለማያመጣ ብቻ ዝም ያለ ይመስላል። በዕድሜ ገፋ ባሉ ወንዶች የምናየው በብዛት ይህን ነው። ከስንት አንዴ እውነተኛ ኤፍኤስኤች አመንጭቶ የዘር ፍሬን ያሳብጣል።

ቁጥሩን ለሚጠይቁ፦ ግንዱ ተጭኖ የሚመጣ ፕሮላክቲን አብዛኛውን ጊዜ ከ100 በታች ነው። ከ250 በላይ ከሆነ ፕሮላክቲኖማ የመሆኑ ነገር የጠነከረ ነው። መሐል ያለው ግራ ያጋባል፤ እዚያ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ሰው ለዓመታት ኪኒን ላይ እንዳይቆይ፣ ኪኒን የሚበቃውም በከንቱ እንዳይከፈት።

ጋሼ ያነሡት ኮርቲዞል ትልቅ ነገር ነው። ትልቅ ቱመር ያለው ሁሉ የጠዋት ኮርቲዞሉና የታይሮይድ ሆርሞኑ መታየት አለበት። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ኮርቲዞሉ ነው የሚቀድመው። የታይሮይድ ኪኒን ቀድሞ ከተጀመረ ሰውነት ያለችውን ጥቂት ኮርቲዞል ቶሎ ይጨርሳታል፤ ሰውየው ይወድቃል። ታይሮይድ ሲለካ ደግሞ ቲኤስኤች፣ ፒቱታሪ ለታይሮይድ የሚልከው ትእዛዝ፣ ብቻውን አይበቃም። ፒቱታሪ ሲታመም ቲኤስኤች መደበኛ መስሎ ይዋሻል። ነፃ ቲ4፣ ማለትም የታይሮይድ ሆርሞኑ ራሱ፣ አብሮ ይታዘዝ።

ጫማ_46

የእኔ ቱመር ደግሞ የእድገት ሆርሞን የሚያመነጭ ነው። በሽታው አክሮሜጋሊ ይባላል። ሐኪሞች ሳይሆኑ የጥርስ ሐኪሜ ናት ያወቀችብኝ። "ጥርሶችህ መሐል ክፍተት እየሰፋ ነው፣ አገጭህም ወደፊት መጥቷል፣ የድሮ ፎቶ አለህ?" አለችኝ። የጋብቻ ቀለበቴ በመጋዝ ነበር የተቆረጠው። ጫማዬ ከ43 ወደ 46 ሄደ። ማታ አንኮራፋለሁ፣ ትንፋሼ ይቆማል፣ ላብ በላብ ነኝ፣ እጄ ይደነዝዛል። ስኳርና ግፊትም መጡ። ለእያንዳንዱ የተለየ ሐኪም ነበረኝ። ባንድ ላይ ያያቸው ሰው አልነበረም።

የእድገት ሆርሞን መብዛቱን የሚያሳይ አይጂኤፍ-1 የሚባል የደም ምርመራ አለ፤ አንድ ቱቦ ደም ነው። ከዚያ 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥተህ በየግማሽ ሰዓቱ ደም ይቀዱልሃል። ጤነኛ ሰው ላይ ስኳሩ የእድገት ሆርሞንን ያወርደዋል። የእኔ ንቅንቅ አላለም። ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ፣ ቅሪት ስላለ በወር አንዴ መርፌ እወጋለሁ። እጄ መደንዘዙ ቀዶ ጥገናው እንዳለቀ በቀናት ውስጥ ነው የለቀቀኝ። አጥንቱ ግን እንዳደገ ይቀራል።

ንጋት፣ አይጂኤፍ-1 ተለክቶልሃል? አንዳንዱ ቱመር ሁለቱንም ያመነጫል።

የሆርሞን_ሐኪም

ጫማ 46 ልክ ነው። ፕሮላክቲንና የእድገት ሆርሞን ባንድ ላይ የሚያመነጩ ቱመሮች አሉ። ስለዚህ ፕሮላክቲኖማ የተባለ ሁሉ አንዴ አይጂኤፍ-1 ይለካ። ንጋት፣ ሐኪምህን ጠይቃት።

ሰላሳ_ደረጃ

ኩሺንግ፣ ኮርቲዞል ከልክ በላይ የሚበዛበት በሽታ፣ ያለበት ወንድ እዚህ አለ? እኔ ነኝ። ኮርቲዞል እንዲመረት የሚያዝዘውን ኤሲቲኤች የሚያመነጭ 5 ሚሊ ሜትር ቱመር፤ ኤምአርአይ ላይ በግድ ነው የታየው። ሁሉም ሰው የሴት በሽታ ነው ይላል። ሴቶች ላይ ይበዛል፣ እውነት ነው። እኔን ግን የጀርባ አጥንቴ እስኪሰበር አደረሰኝ። ጭኔ ሰልሎ ደረጃ መውጣት አቃተኝ፣ ሆዴ ላይ ሐምራዊ ስንጥቅ ወጣ፣ ቆዳዬ በነካኩት ቁጥር ይጠቁራል። ቴስቶስትሮኔም ወርዶ ነበር። መጠን ብቻ አይታይ ማለቴ ነው፤ ትንሹ ቱመር ነው ያፈረሰኝ።

የወንድሙ_እህት

ስለ ካበርጎሊን አንድ ነገር ሳይነገር እንዳይቀር። ወንድሜ ይህን መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ስልኩ ላይ ውርርድ ጀመረ። በሕይወቱ ተጫውቶ የማያውቅ ሰው ነው። ሌሊት ተነሥቶ ይጫወታል፣ ይዋሻል፣ ይቆጣል። ቤተሰቡ ጠባዩ የተበላሸ መስሎት ተጣላው። እኔ የመድኃኒቱን ወረቀት ሳነብ ነው ያገኘሁት። ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀነሰለት፣ ከዚያ ቀየረለት፣ ለቀቀው። ሲጀመር ማንም አልነገረንም። ወንድሜን በዚህ ምክንያት ብዙ ተናግረነዋል፣ አሁንም ያንገበግበኛል።

የሆርሞን_ሐኪም

እህቴ፣ ይህን ስለጻፍሽ አመሰግናለሁ። ቁማር፣ ከልክ ያለፈ ግዢ፣ ከልክ ያለፈ የወሲብ ፍላጎት። ወንዶች ላይ በተለይ ይታያል። ሕመምተኛው ራሱ ላያስተውለው ስለሚችል መድኃኒት ስጀምር ሚስት ወይም ወንድም አብሮ እንዲሰማ አደርጋለሁ። የወንድ ፍላጎቱ ለዓመታት ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ "ድሮውንም እንዲህ ነበርኩ" ብሎ ያልፈዋል። መለየት የሚችለው አብሮት የሚኖር ሰው ነው።

የልብ ቫልቭ ነገርም ይነሣል። ችግሩ የታየው ለፓርኪንሰን በየቀኑ ከፍተኛ መጠን በሚወስዱ ሰዎች ነው። ለፕሮላክቲኖማ በሳምንት የሚሰጠው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ሆኖም መጠኑ ከፍ ካለ ወይም ለብዙ ዓመት ከቀጠለ በየተወሰነ ጊዜ የልብ አልትራሳውንድ ይሠራል።

ንጋት38

ተመልሻለሁ። ፕሮላክቲኔ ከ1,640 ወደ 210 ወርዷል። አይጂኤፍ-1 መደበኛ። የጠዋት ኮርቲዞልና ነፃ ቲ4 ደህና ናቸው። የዓይን ምርመራው ግን በሁለቱም ዓይን ከላይ ወደ ውጭ ትንሽ ጨለማ ቦታ አሳየ። እኔ ምንም አልተሰማኝም ነበር! በቅርቡ ይደገማል። ቴስቶስትሮኔ ገና ዝቅ እንዳለ ነው። ሐኪሜ "ፕሮላክቲንህ መደበኛ ገብቶ ጥቂት ወራት ይቆይ፣ ከዚያ እንነጋገራለን" አለችኝ። ልጅ ስለምንፈልግ ተስማምቻለሁ።

ዶክተር፣ ሁለት ጥያቄ። አንደኛ፣ ኪኒኑን ዕድሜ ልኬን ነው የምወስደው? ሁለተኛ፣ ከጀመርኩ ወዲህ አፍንጫዬ ይታፈናል። ጉንፋን ነው ብዬ ዝም ልበል?

የሆርሞን_ሐኪም

ንጋት፣ አወራረዱ በጣም ጥሩ ነው። ቢያንስ ሁለት ዓመት ትወስዳለህ። በዚያ ጊዜ ፕሮላክቲኑ መደበኛ ሆኖ ከቆየና ኤምአርአይ ላይ ቱመሩ ከጠፋ ወይም በጣም ካነሰ፣ ቀስ እየተቀነሰ ማቆም ይሞከራል። አንዳንዱ ላይ ይመለሳል፤ ለዚህ ካቆምክም በኋላ ደምህ ይታያል። ከትልቅ ቱመር የተነሣ ሰው ብዙ ጊዜ ረዘም ላለ ጊዜ ይቀጥላል። ብቻ በራስህ ጊዜ እንዳታቆመው።

የአፍንጫ መታፈን የመድኃኒቱ የታወቀ ባሕርይ ነው፤ አይጎዳም። የምፈራው ሌላውን ነው። ወደ ፊት ጎንበስ ስትል ከአንድ የአፍንጫ ቀዳዳ እንደ ውሃ የጠራ ነገር ጠብ ጠብ ካለ፣ ወይም ጉሮሮህ ላይ ጨው ጨው የሚል ነገር ከወረደ፣ ያ ጉንፋን ላይሆን ይችላል። ቱመሩ አጥንቱን በልቶ ከነበረና አሁን ቶሎ ከተኮማተረ፣ ደፍኖት የነበረው ቀዳዳ ይከፈትና የአንጎል ፈሳሽ ይወርዳል። ማጅራት ገትር ሊያስከትል ስለሚችል ያኔ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ሂድ።

ሁለተኛው ቀጠሮ የማይጠብቀው ቱመሩ ውስጥ ደም ሲፈስ ነው። ድንገት የሚፈነዳ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ዕቃ ሁለት ሆኖ መታየት፣ የዓይን ቆብ መውደቅ ወይም እይታ ባንዴ መቀነስ። ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ድንገተኛ ክፍል ስትደርስ "የፒቱታሪ ቱመር አለብኝ" የሚለውን መጀመሪያ ተናገር። ሃይድሮኮርቲዞን በቶሎ እንዲሰጡህ ያደርጋል።

ንጋት38

የታፈነው ብቻ ነው፤ የሚንጠባጠብ የለም። ጎንበስ ብዬም ሞክሬያለሁ። አመሰግናለሁ ዶክተር። ባለቤቴም አንብባለች፤ ስለ ቁማሩም ስለ ግዢውም እንድትከታተለኝ ተስማምተናል።

አዲስ_ገባሁ

ሰላም። ሁሉንም አነበብኩት። ዕድሜዬ 29፣ ፕሮላክቲኔ 44፣ ቴስቶስትሮኔ ትንሽ ዝቅ ያለ። ሪስፔሪዶን የሚባል የአእምሮ ሕመም መድኃኒት እወስዳለሁ። ኤምአርአይ ልነሣ? መድኃኒቱንስ ላቁም?

የሆርሞን_ሐኪም

ወንድሜ፣ ሪስፔሪዶኑን እንዳታቆም። ዶፓሚንን ስለሚዘጋ ፕሮላክቲን መጨመሩ የሚጠበቅ ነው፤ ከ44 በላይም ያደርሳል። ግን አእምሮህን ደህና ያደረገልህን መድኃኒት በራስህ ካቆምክ የሚመጣው ከፕሮላክቲኑ ይከፋል። ያዘዘልህን የአእምሮ ሐኪም አናግር፤ ፕሮላክቲን ወደማይጨምር ሌላ መድኃኒት ሊቀይርልህ፣ ወይም ለጥቂት ቀናት በክትትል ሥር አቁሞ ሊያስለካህ የሚችል እሱ ብቻ ነው። ካበርጎሊንም ካንተ ሕመም ጋር ስለሚጋጭ ከማንም ተቀብለህ አትጀምር። ታይሮይድህና ኩላሊትህ ይታዩ፤ ሁለቱም ሲታመሙ ፕሮላክቲን ይጨምራሉ። ሐኪሙ መድኃኒቱን መቀየር ካልቻለ፣ ወይም ከመድኃኒቱ በፊት ምልክት ከነበረህ፣ ወይም ራስ ምታትና የዓይን ችግር ካለ ኤምአርአይ ይሠራልሃል።

የቱቦ_ሰው

እኔም ልጨምር፣ አዲስ ገባሁ። ከመድገምህ በፊት ትንሽ ቁጭ ብለህ አረፍ በል፤ የመርፌው ድንጋጤ ራሱ ትንሽ ይጨምረዋል። ሲደገም ደግሞ "ማክሮፕሮላክቲን ይታይልኝ" በል። አንዳንድ ሰው ላይ ፕሮላክቲኑ ከፀረ እንግዳ አካል ጋር ተጣብቆ ደም ውስጥ ይከማቻል። ማሽኑ ይቆጥረዋል፣ ሰውነት ግን ብዙም አይሰማውም። ላብራቶሪው ፖሊኢቲሊን ግላይኮል በሚባል ነገር አዝቅጦ ከለየው በኋላ የቀረው መደበኛ ከሆነ፣ ቴስቶስትሮንህ ለምን ዝቅ እንዳለ ሌላ ቦታ ነው የሚፈለገው።